የመሪጌታ ፈንቴ ቅምሻ

ስለ እኔ የሚወራውን ሰምቼ መልስ የመስጠት ልማድ የለኝም። መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ዝምታ ግን መካን ነው። በአምበር ገበያና በዙሪያው ባሉ አድባራት ስለ የኔታ ይባቤ ሕመም ሁለት ዓይነት ወሬ እንደሚዞር አውቃለሁ። አንደኛው «ያ የኬሚስትሪ መምህር ከላቦራቶሪ መርዝ ልኮባቸው ነው» ይላል። ሁለተኛው «መሪጌታ ፈንቴ ወንበራቸውን ሊወርስ ያደረገው ነው» ይላል። ነገሩን ከምናውቀው ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የሚጠየቅ ሰው እኔ ስለቀረሁ፣ ያየሁትን ባየሁት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። እናንተ አንባቢዎቼ ከፈለጋችሁ ጠርጥሩኝ፤ አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ጠርጥሩኝ።

ዘመኑ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በሽግግሩ ሰሞን ትምህርት ቤቱ ጠባቂ አጥቶ በሩ ተሰብሮ፣ ዴስኩም መስኮቱም ላቦራቶሪውም ተዘርፎ ነበር። ሚዛኑን የወሰደው በርበሬ ሊመዝንበት፣ ጠርሙሱን የወሰደው ዘይት ሊያኖርበት እንደሆነ ይገባኛል። እንቅልፍ የነሣኝ የጠርሙሶቹ መጥፋት ሳይሆን በውስጣቸው የነበረው ነገር ነው።

ከመምህርነቴ በፊት ግን ሌላ ሰው ነበርሁ። በልጅነቴ ከአምበር አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ደብር፣ ከየኔታ ይባቤ ጉባኤ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። ፈንቴና እኔ በአንድ ጎጆ ያደርን፣ በአንድ ዱላ ውሻ የተከላከልን፣ የለመንነውን ቁራሽ ከአኩፋዳችን ባንድ ላይ አራግፈን የበላን ጓደኛሞች ነን። እኔ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስኮበልል እሱ ቀረ፤ ቀርቶም መሪጌታ ሆነ፤ የየኔታም ቀኝ እጅ ሆነ። የኔታ ይቅር ብለውኛል። በሄድሁ ቁጥር «መጣህ፣ አንተ ከሀዲ?» ብለው እየሳቁ ይባርኩኝ ነበር። ፈንቴ ግን ይቅር አላለኝም። እንደ ወንድም «አንተ» ይለኝ የነበረው ሰው፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ባዕድ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። በጥቁር ሰሌዳው አንድ ሞለኪውል ስዬ፣ ተማሪዎቼን «ምን ይሆናል?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትልቁ ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» አይደለም፤ «ይህ ምን ይሆናል?» ነው። አንድ ነገር ወደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ፣ አንዱ መንገዱ አጭር፣ ዳገቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይገኛል። ሌላው ዘግይቶ ይገኛል፤ ነገር ግን አንዴ ከተገኘ የረጋ ነው፤ በቀላሉ አይናወጥም። «በጥድፊያ የሠራ የመጀመሪያውን ያገኛል» አልኋቸው። «ጊዜና እሳት የታገሠ ሁለተኛውን ያገኛል።»

ይህን እያልሁ ሳለ ዘበኛው በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «አንድ ካህን በር ላይ ይጠብቁዎታል» አለኝ።

ስወጣ መሪጌታ ፈንቴን አገኘሁት። የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር አንተነህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለዎ?»

«የኔታ ታመዋል። ይምጣ ብለዋል።»

«ምን ሆነው?»

«ሲደርሱ ያዩታል።»

ይህን ሲል ፊቴን አላየም። ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬም አልፎ ወደ ሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ይመለከት ነበር። ወዲያው ጠረጠርሁ። የታመሙ መምህሩን ጥሎ፣ ከተማሪዎቹ አንዱን መላክ ሲችል፣ ለዓመታት ያላነጋገረኝ ሰው ራሱ ለምን መጣ? ደግሞስ ንጹሕ ሰው ዓይኑን ለምን ያሸሻል?

አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ጥያቄው እንዲያው ድንገት የመጣለት አስመስሎ፣ «ያ እናንተ ስፒሪት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ለማወቅ።»

«ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፣ መሪጌታ።»

«ያወቀም ሳይጠየቅ ይናገራል» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፀሐዩ ሲነካው ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ።

«ምነው?»

«አቧራ ነው።»

የአውቶቡሱ መስኮት ግን ዝግ ነበር። አምበር ስንወርድ ደረጃውን ስቶ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዝሁት። ክንዱን ከእጄ አላቀቀና «ጾም ነው» አለ። እኔም በልቤ፣ ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ አልሁ። በዚህስ አልተሳሳትሁም ነበር።

ከአምበር በእግር ሄደን ደብሩ ስንደርስ፣ ተማሪዎቹ ከየኔታ ጎጆ ፊት ለፊት ተሰብስበው አገኘናቸው። ሰላምታዬን የተቀበለኝ የለም። በደጃፉ ላይ የየኔታ የነፍስ አባት አባ ጥዑመ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልሳለም ጎንበስ ስል መስቀሉን ሰጡኝ፤ ዓይናቸውን ግን እንደ ፈንቴ አላሸሹም፤ ፊቴን መረመሩት። ከአምበር ክሊኒክ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ውዴ፣ ከመደቡ አጠገብ ቆማለች።

የኔታ በመደባቸው ላይ ተጋድመው፣ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው ይተነፍሳሉ።

«በሩን ዝጉት» አሉ። «ጉሙ እየገባ ነው።»

ውጭው ብራ ነበር። አንዲት ደመና አልነበረችም።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ፤ አንተነህ።»

«መጣህ፣ አንተ ከሀዲ?» አሉ፤ ሳቃቸው ግን አብሮ አልመጣም። እጃቸው እኔ ከቆምሁበት ሌላ ቦታ ይፈልገኝ ነበር። «ነጭ ነው፤ ሁሉም ነጭ ሆኗል።»

ሲስተር ውዴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወባ መስሎኝ ነበር፤ ትኩሳት ግን የላቸውም። ሆዴን ይላሉ፤ ያስመልሳቸዋል። ዓይናቸው ጠዋት ነው የጀመረው። ያልገባኝ አተነፋፈሳቸው ነው፤ ሳንባቸው ደኅና ነው፣ ግን እንዲህ ይተነፍሳሉ።»

ፈንቴ ከጓዳ አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣና፣ በደጅ ያሉት ሁሉ እንዲያዩት ከፍ አድርጎ ያዘው። ቡናማ ነው። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተልጧል፤ አንገቱ ሥር ግን በነጭ ቀለም የተቀባ ምልክት አለበት። በውስጡ ተቀጥቅጦ የተዘፈዘፈ ሥር ይታያል።

«ይህን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን የተዘረፈ ነው።»

«ምልክቱን የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከውጭ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ያን ጊዜ ለምን ራሱ ሊጠራኝ እንደመጣ ገባኝ። ታማሚ ጠያቂ ሆኜ አልተጠራሁም፤ ለፍርድ ቀርቤአለሁ።

«ከየት አገኙት?» አልሁት።

«ከገበያ ገዛሁት። አንድ ሰው ስፒሪት ነው ብሎ ሸጠልኝ።»

«ሰውየው ማነው?»

«አላውቀውም።»

«የማያውቁት ሰው የሸጠልዎን ለመምህርዎ አጠጡ?»

«ጠርሙሱን የሚያውቀው ሰው ይመልስልን እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔታ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ያሠቃያቸው ነበር። ለዚያ የሚሆነው ሥር በአረቄ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ነው። የኔታ ግን ከጉባኤያቸው አንዱን ጥሩ ተማሪ አረቄ ካበላሸባቸው ወዲህ፣ ጠብታ እንኳ በአፋቸው ላይዞር በነፍስ አባታቸው ፊት በግዝት ታስረዋል። ስለዚህ ሥሩ በአረቄ ፈንታ በስፒሪት ተዘፈዘፈ። ከትናንት በስቲያም ጀምሮ ጠዋትና ማታ ጠጥተውታል።

«በስፒሪት ይሁን ያለው ማነው?» ብዬ ፈንቴን ጠየቅሁት።

ወደ የኔታ መደብ ዞረ።

«መሪጌታ፣ ማነው ያለው?»

ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ። በዚያች ቅጽበት ፍርዴን ጨረስሁ። ወንበሩን የሚወርሰው እሱ ነው። መድኃኒቱን የዘፈዘፈው፣ ጠርሙሱን የገዛውም እሱ ነው። ሻጩን አያውቀውም፤ ምክሩን የሰጠውን አይናገርም። ሁሉ ነገር ገጠመ። እንዲህ ቶሎና ያለ ዳገት መግጠሙ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ ጠዋት ያስተማርሁት ይህንኑ ነበርና።

ጠርሙሱን ተቀብዬ አሸተትሁት። የአልኮል ሽታ ነው፤ የሥሩም ሽታ ታክሎበታል። በአፍንጫ ብቻ መለየት አይቻልም። በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት አልኮል አለ። በአረቄና በጠላ ውስጥ ያለው ኤታኖል ይባላል። ሜታኖል የሚባለው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በአንድ ካርቦን ብቻ ያንሰዋል። መልካቸው አንድ ነው፤ ጣዕማቸውም ይቀራረባል። የሚለዩት በሚሆኑት ነገር ነው።

ወደ ግድግዳው ዞርሁ። የየኔታ መቋሚያ ተደግፎ ቆሟል። የተሰነጠቀበት ቦታ እንዳይከፈት በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦውን መፍታት ስጀምር ፈንቴ ጮኸ።

«መቋሚያውን አይንኩ! ጠርሙሱ አልበቃዎ ብሎ ደግሞ ምን ሊደግሙበት ነው?»

«ተወው» አሉ አባ ጥዑመ ከደጃፉ። «ይሥራ። ሲሠራ እናየዋለን።»

ሲስተር ውዴን ከመንደሩ አረቄ ሻጭ ቤት ትንሽ አረቄ እንድታስመጣ ለመንኋት። በሁዳዴ፣ በደብር ቅጥር ግቢ፣ በታመመ መምህር ራስጌ አረቄ መጠየቄን የሰሙት ተማሪዎች ተያዩ። አረቄው ሲመጣ በአንድ ሲኒ እሱን፣ በሌላ ሲኒ ከጠርሙሱ ቀዳሁ። ሽቦውን ከፍም ላይ አድርጌ ፍም እስኪመስል አጋልሁት። ሳወጣው ነፋስ ሲያገኘው ጠቆረ። ጥቁሩን ሽቦ እንደጋለ በአረቄው ሲኒ ነከርሁት፤ ቸስ ብሎ ተመልሶ እንደ አዲስ መዳብ አበራ። ሲኒውን ለሲስተር ውዴ አቀረብሁላት።

«ምን ይሸታል?»

«ከርሞ መኮምጠጥ እንደጀመረ ፍሬ።»

ሽቦውን እንደገና አግዬ በጠርሙሱ ሲኒ ነከርሁት፤ ደገምሁት፤ ሠለስሁት። ሲኒውን ሳቀርብላት ራስዋን ወደ ኋላ ወረወረች። ዓይንዋ እንባ አቀረረ።

«ፎርማሊን!» አለች። «ይህማ ስንማር አስከሬን የሚቀመጥበት ነው! መምህር፣ አረቄ ውስጥ ይህ ከየት መጣ?»

«አረቄ አይደለም። ሜታኖል ነው። እኔ በሽቦ ያደረግሁትን የየኔታ ጉበት ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሲያደርገው ቆይቷል።»

አባ ጥዑመ ተነሥተው ገቡ። «በሰው ቋንቋ ንገረን» አሉኝ።

«አባ፣ ጉበት እንደ ወፍጮ ነው። የጠጣነውን አልኮል ሁሉ የሚፈጨው እሱ ነው። የአረቄው አልኮል ሲፈጭ መጨረሻው ኮምጣጤ ነው፤ ሰውነት ኮምጣጤን ማገዶ አድርጎ ያቃጥለዋል። ይህኛው ሲፈጭ መጀመሪያ አሁን የሸተተን ነገር ይሆናል። እሱ አይረጋም፤ ወዲያው ሌላ ነገር ይሆናል። ሌላው ነገር ጉንዳን ሲነክሰን የሚያቃጥለን አሲድ ነው። እሱ ግን ይረጋል፤ ቶሎ አይወጣም። ደም ውስጥ እየተከማቸ ዓይን ያጠፋል፤ ትንፋሽም ያጠፋል።»

«ታዲያ ተፈጭቷላ።»

«ሁሉም አልተፈጨም። ያልተፈጨ እንክርዳድ አያሰክርም፤ ይህም እስካልተፈጨ ድረስ አይጎዳም። ወፍጮው ደግሞ አንድ ነው። ጤፍና እንክርዳድ ቢቀርብለት ጤፉን ያስቀድማል። አሁን ንጹሕ አረቄ በልክ ብንሰጣቸው፣ ጉበታቸው በአረቄው ይጠመዳል፤ ሜታኖሉ ሳይፈጭ በሽንትና በትንፋሽ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እስክናደርሳቸው ጊዜ ይሰጠናል። ሲስተር፣ ተሳሳትሁ?»

ሲስተር ውዴ ጥቂት አሰበች። «አልተሳሳቱም» አለች። «ተምረነዋል። ግን አድርጌው አላውቅም።»

አረቄውን በሌላ ንጹሕ ሲኒ ቀድቼ ወደ የኔታ ልጠጋ ስል ፈንቴ መንገዴን ዘጋ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት።»

የአገራችንን ሥርዓት ታውቃላችሁ። ለትልቅ ሰው መጠጥ የሚያቀርብ አሳላፊ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እኔ ከሞትሁ አንተ ትተርፋለህ ማለቱ ነው። ይህን ሥርዓት በእኔ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማዘዝ ግን ስድብ ነበር። አልተከራከርሁም። በመዳፌ አፍስሼ ጠጣሁ።

«ጠጣሁ» አልሁት። «ግን መሪጌታ፣ ይህ ምንም አያረጋግጥልዎትም። ይህ እንደዚያኛው መርዝ ቢሆን እንኳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደኅና ሆኜ እያየሁዎ እውላለሁ። የሚይዘኝ ነገ ነው። የሜታኖል ቅምሻ እስከ ነገ አይታወቅም።»

የመሪጌታ ፈንቴ ፊት እንደ አመድ ሆነ።

«እስከ ነገ?» አለ።

«እስከ ነገ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑን በነጠላው ሸፈነ፤ አሁን ግን ፀሐይ አልነበረም።

«ቀምሻለሁ» አለ። «ባቀረብሁላቸው ቁጥር መዳፌን ሞልቼ ቀምሻለሁ። ጠዋትም፣ ማታም። አልሞትሁም ብዬ ሰጠኋቸው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እኔም ጉም ነው የማየው።»



ዓይኑን ያሸሸው፣ ደረጃውን የሳተው፣ ዝግ በሆነ መስኮት አቧራ ነው ያለኝ ሰው ፊቴ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ላይ የገጣጠምሁት ክስ ሁሉ በአንድ ቃል ፈረሰ። መርዝ የሚያጠጣ ሰው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከመርዙ አይቀምስም።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልሁት።

«ብናገር እርስዎን ለመያዝ ማን ይሄዳል? ሳያውቁ እንዲመጡ ፈለግሁ። ሲሸሹ ላይዎት ፈለግሁ።»

እኔ እሱን ስጠረጥር እሱ እኔን ይጠረጥር ነበር፤ መርዙም በሁለታችን መካከል ሥራውን ይሠራ ነበር።

«ስፒሪቱን ማን ይሁን አለ?» ብዬ እንደገና ጠየቅሁት፤ አሁን ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አሉ የኔታ ከመደባቸው። «እሱን ምን ታሠቃየዋለህ? አረቄ መጠጥ ነው፣ ስፒሪት መድኃኒት ነው፣ ግዝቴን አያፈርስም ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓይነት ነው አለኝ፤ ተቆጣሁት። ደጅ ያሉት እንዳይሰሙብኝ ነው ዝም ያለው።»

ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ከሁሉ ይከብድ ነበር። ሲኒውን ወደ የኔታ አፍ ሳቀርብ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ግዝት አለብኝ» አሉ። «ለመኖር ብዬ ግዝት አላፈርስም። አንተ ኬሚስትሪህን ተናገርህ፤ ጥሩ ነው። እኔን የሚፈታኝ ግን አንተ አይደለህም።»

ሁላችንም ወደ አባ ጥዑመ አየን። አባ ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

«አንተ ከዚህ ጉባኤ ኮብልለህ የሄድህ ሰው ነህ» አሉኝ። «ዛሬ ተመልሰህ በሁዳዴ መምህርህን አረቄ ልታጠጣ መጣህ። ለመሆኑ አንተ በምን ታምናለህ?»

ስለ እምነቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀንም አልተናገርሁም።

«አባ፣ እኔ በምን እንደማምን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። እርሳቸው የሚያምኑት በእርስዎ ነው። ትንፋሻቸው ደግሞ ለሌላ ቀን አይቆይም።»

 አባ ጥዑመ መስቀላቸውን አንሥተው ወደ የኔታ ጎንበስ አሉ።

«ይባቤ፣ ስትገዘት እኔ ነበርሁ። የገዘትሁህ ለስካር ነው ወይስ ለሞት?»

«ለስካር ነው።»

«እንግዲያ ይህ ሲኒ በስካር በኩል አልመጣም። እግዚአብሔር ይፍታ!» ብለው በመስቀላቸው ግንባራቸውን ዳሰሱ።

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ሲውጡ ፊታቸው ተጨማደደ። «አንተ ሸሽተኸኝ ነበር፤ አረቄን ደግሞ እኔ ሸሽቼው ነበር» አሉኝ። «በአንድ ቀን መጣችሁብኝ።»

ፈንቴም ሲኒውን ተቀብሎ ወደ አባ ዞረ። «እኔስ፣ አባ? ጾም ነው።»

«አንተ አፍህን ክፈት» አሉት። «ስትቀምስ አልጠየቅኸኝም።»

ተማሪዎቹ ቃሬዛ ሠርተው የኔታን ወደ አምበር ተሸከሟቸው። በመንገዱ ሁሉ ሲስተር ውዴ እየለካች በየመሃሉ ጥቂት ጥቂት ትሰጣቸው ነበር። ፈንቴ ትከሻዬን ይዞ ተከተለኝ፤ ይህን ጊዜ እጁን አላላቀቀም። አምበር ላይ እህል የጫነ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ አስቆምን። ሾፌሩ ወርዶ ቃሬዛውን አየና አፍንጫውን ያዘ።

«አረቄ ይሸታሉ! ሁለት ካህን! በሁዳዴ!»

«መድኃኒት ነው» አልሁት።

«እኔም ሚስቴን እንዲህ ነው የምላት» አለ፤ ነገር ግን በሩን ከፈተልን።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ከሲስተር ውዴ ሰማ። አልሳቀም፤ የጀመርነውን በራሱ መንገድ ቀጠለበት፤ አሲዱን የሚሰብር መድኃኒትም በደም ሥራቸው ሰጣቸው። በማግሥቱ የየኔታ ትንፋሽ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ሆነ። የፈንቴ ጉም ከቀናት በኋላ ተገፈፈ። የየኔታ ጉም ግን አልተገፈፈም። ከዚያ ወዲህ የሰውን ጥላ እንጂ መልኩን አይተው አያውቁም። ቅኔ ማስተማራቸውን ግን አላቋረጡም፤ ቅኔ ድሮም በጆሮ ነው።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ይህን አንብቦ ራሱን በአረቄ ሊያክም የሚነሣ ሰው እንዳይኖር። እኛ ያደረግነው ሆስፒታል ሩቅ ሆኖብን፣ ነርስ አብራን ቆማ፣ ጊዜ ለማግኘት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ጠርሙስ ከገበያ እንዳይገባባችሁ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ያ ቀን በእኔ ላይ ምን እንደለወጠ ብትጠይቁኝ፣ ጠርጣሪ መሆኔን አልተውሁም። ጥርጣሬ ያልነበረው ሰው ያን ሽቦ አያግልም ነበር። የተውሁት ቶሎ የሚገኘውን ጥርጣሬ ነው። ሰው የሚፈጥነው «ማን አደረገው?» ወደሚለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ የተቀየምነው ሰው ላይ ያርፋል። «ይህ ነገር ምን እየሆነ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን እሳትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠርሙሱን የሸጠው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት እሱም ምን እንደሸጠ አያውቅም።

ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልህ ለምትሉኝም መልስ አለኝ። እውነቱን ብንናገር ሰዉ የኔታን «ስፒሪት አልኮል መሆኑን ያላወቁ ሊቅ» እያለ ይሥቅባቸው ነበር። ፈንቴና እኔ ሳንመካከር ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ የወንበር ናፋቂ መባልን፣ እኔ መርዘኛ መባልን ተሸከምን። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ፣ «ከእኔ በኋላ ተናገሩት፤ ሌላ ሰው እንዳይጠጣው» አሉን። ፈንቴ ሳይናገረው ተከተላቸው። ስለዚህ ለእኔ ቀረ።

ያን ዓመት በፋሲካው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የኔታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፈንቴ ጠላ ይዞ መጣ። ሊቀዳልኝ ሲል ቆመና፣ እንደ ሥርዓቱ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ከዚያ ዋንጫውን ዘረጋልኝ። ተቀበልሁት፤ ወዲያው ግን አልጠጣሁም። ዋንጫውን ይዤ ፊቱን አየሁት። እሱም ዓይኑን ሳያሸሽ አየኝ።

«ምነው?» አለኝ። «እስከ ነገ ልትጠብቅ ነው?»

የኔታ ከደጃፉ ሆነው የሳቁትን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ጠጣሁ።